የቀለለው መስቀል

በ1999 ዓ.ም. የደመራ ዕለት ከቀትር በኋላ፣ በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ግርጌ በምትገኝ አነስተኛ ደብር ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው፣ መዘምራኑ ከበሯቸውን አንግተው፣ ምእመናኑም ጧፍና ችቦ ይዘው ወደ አደባባይ ለመውጣት ተሰልፈው ነበር። የሚጠበቀው የመጾር መስቀሉ ብቻ ነበር። ይህ መስቀል ጥንታዊ የብር ሥራ ነው፤ ከተማይቱ በተቆረቆረች ጊዜ ከሰሜን መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦች ይዘውት የመጡ ሲሆን፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየክብረ በዓሉ ከረዥም ዘንግ ላይ ተሰክቶ በሰልፉ ፊት ይሄዳል።

የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቄሰ ገበዝ ገብረየስ መስቀሉን ይዘው ወጡ። ደጃፉን እንደ ተሻገሩ ቆሙ። ዘንጉን ከፍ አደረጉት፤ ዝቅ አደረጉት፤ በመጨረሻም በመስቀሉ ላይ የተንጠለጠለውን መጎናጸፊያ ገልጠው ተመለከቱ።

«ይህ የእኛ መስቀል አይደለም» አሉ።

የደብሩ አስተዳዳሪ ጠጋ ብለው፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቆሟልና ነገሩ ከበዓሉ በኋላ ይታይ ሲሉ በጆሯቸው ለመኗቸው። ሽማግሌው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ሐሰት ተሸክሜ አልወጣም። የምትወጡ ውጡ።»

መስቀሉን በደረጃው ላይ አጋድመው ከአጠገቡ ቆሙ። ሰልፉ በእጅ መስቀል ብቻ ወጣ። በደረጃው ላይ የተጋደመው ነገር በብር ቀለም የተነከረ ስስ ናስ መሆኑን ከተማው ያወቀው ደመራው ገና ሳይለኮስ ነበር። በመስቀል ማግስት ቄሰ ገበዙ ታሰሩ። የጣቢያው መኪና ለበዓሉ ጥበቃ ተሰማርቶ ስለነበረ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ በፒያሳ መካከል በእግራቸው ተወሰዱ።

*

ጉዳዩ የተመራው ለኢንስፔክተር ወልደጻድቅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በፖሊስነት የሠለጠነ፣ ጡረታው የተቃረበ፣ ሦስት መንግሥታት ሲያገለግል ጫማውን ሳይወለውል ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። አለቃው ኮማንደር ሰለሞን በዕድሜ ታናሽ ወንድሙ ሊሆን ይችላል።

ለኮማንደሩ ነገሩ ምርመራ እንኳ የሚያሻው አልነበረም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው፤ እርሱም የሚያድረው በሽማግሌው አንገት ላይ ነው። መስቀሉ በነሐሴ አጋማሽ፣ በፍልሰታ በዓል፣ በሕዝብ ፊት ወጥቶ ታይቷል። በደመራ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በሁለቱ በዓላት መካከል ወደ ዕቃ ቤቱ የገባ ሌላ ሰው የለም።

«ሌባው እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ» አለ ወልደጻድቅ «ዝም ብለው ተሸክመውት በወጡ ነበር። ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።»

«እንደ አንተ ያለው ሰው እንዲህ እንዲል ነው እኮ የጮኹት» ሲል ኮማንደሩ ፈገግ አለ። «ቃላቸውን ተቀብለህ አስፈርማቸው። የበላይ አካል እየጠየቀ ነው። ሰኞ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይቀርባል።»

«ካመንኩበት አቀርበዋለሁ።»

«ባታምንበትም ይቀርባል።»

«እንግዲያስ በሌላ ሰው ፊርማ ይሆናል» አለና ወልደጻድቅ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

*

ቄሰ ገበዙን በማረፊያ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቀጥ ብለው ተቀምጠው አገኛቸው። ራሳቸው የተገለጠ ነበር። እስረኛ ራሱን እንዳያንቅ ቀበቶና ረዥም ጨርቅ ወደ ውስጥ አይገባም በሚለው ደንብ መሠረት ጥምጣማቸው ተወስዶባቸዋል። የአንዱ እስረኛ ሚስት ሻሽ ልካላቸው መልሰዋታል።

ኢንስፔክተሩ ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠየቃቸውና ቢያንስ በጋቢያቸው እንዲከናነቡ ለመናቸው።

«ራሴን የገለጠው መንግሥት ነው» አሉት። «የሚሸፍነውም እርሱ ይሁን። እስከዚያ ድረስ የሚያየኝ ሁሉ እንዲሁ ይየኝ።»

የተጻፈላቸውን ቃል አነበቡና አልፈርምም አሉ። ከእሳቸው ጋር ወደ ዕቃ ቤቱ ገብተው የሚያውቁትን ሰዎች ስም ሲጠይቃቸውም አልተናገሩም። ስም ቢጠሩ ነገ በዚህ ወለል ላይ የሚቀመጠው ባለ ስሙ እንደሚሆን ያውቃሉ፤ በዓይናቸው ያላዩትን ደግሞ በአፋቸው አያወጡም። ስለ መስቀሉ ግን ሲጠየቁ ፊታቸው በራ። ከዘንጉ ሲወልቅ በአንዲት የዱቄት ከረጢት እንደሚገባ፣ ነገር ግን ለያዘው ክንድ ከባድ እንደሆነ ነገሩት። በግርጌው ግራና ቀኝ መጎናጸፊያው የሚታሰርባቸው ትናንሽ የብር ቀለበቶች አሉ።

«የግራዋ ላልታ ነበር። ባለፈው ፋሲካ በቀይ የሐር ክር አሠርኳት። በእኔ እጅ ነው የታሠረችው፤ ባያት አውቃታለሁ።»

«በፍልሰታ ዕለት ዘንጉን ይዘው የወጡት እርስዎ ነበሩ?»

ይህም ከማይናገሯቸው ነገሮች አንዱ ነበር።

*

በፍልሰታ መስቀሉን ማን እንደ ያዘው ለኢንስፔክተሩ የነገረው የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ አቶ ዋሲሁን ነው። በከተማው ካሉ ቢሮዎች በአንዱ በኃላፊነት የሚሠራ፣ ባለሥልጣናትን በስማቸው የሚጠራ፣ ንግግር የማይቸግረው ሰው ነበር። ፒያሳ በሚገኝ የአንድ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ እየጠጣ ተቀበለውና፣ ለሽማግሌው እያዘነ መሆኑን ሲገልጽ ቆየ።

ያን የጾም ሰሞን ሁሉ ገበዙ ወባ ይዟቸው ተኝተው ነበር አለ። ቁልፉን የሰጡት ቢኒያም ለሚባል ወጣት ዲያቆን ነው፤ መስቀሉንም የያዘው እርሱ ነው። ዲያቆኑ ከበዓሉ በኋላ አገልግሎቱን ትቶ ጠፍቷል።

«እኔ በዓሉ ላይ ባልኖርም ስመለስ የሰማሁት ይህንን ነው» ሲል ጨመረ።

«የት ነበሩ?»

ዋሲሁን ጥያቄውን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ከቦርሳው አንድ አልበም አወጣ። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ለአጭር ሥልጠና ሆላንድ ነበር። ከፍልሰታ በዓል በፊት በነበረው ቅዳሜና እሑድ ሦስቱም በባቡር ተሳፍረው ብሩዥ የምትባለውን የቤልጅግ ጥንታዊ ከተማ ሊጎበኙ ሄደዋል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየው። በውኃ ቦዮች ዳር የቆሙ ቀያይ የጡብ ቤቶች፣ የደወል ማማ፣ የጥልፍ ሱቆች፣ በድልድይ ሥር የሚንሳፈፉ ነጫጭ ወፎች። ሁለት ሴቶች በጀልባ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ።

«ከተማው እንዳለ ሙዚየም ነው፣ ኢንስፔክተር። እነሱ አሮጌ ዕቃ ማክበር ያውቁበታል። የእኛው በሳጥን ይበሰብሳል።»

«የእኛው እስካለፈው ክረምት ድረስ በሰልፍ ፊት ይሄድ ነበር» አለ ወልደጻድቅ። «በጀልባው ፎቶ ላይ እርስዎን አላየሁም።»

«አንሺው እኔ ነኛ።»

ኢንስፔክተሩ አልበሙን ለጥቂት ቀን እንዲያውሰው ጠየቀ። ዋሲሁን በደስታ ሰጠው።

*

ዲያቆን ቢኒያም አልጠፋም ነበር። አባቱ ሞቶ ጀልባውን ስለተረከበ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ፣ በየማለዳው የሚገኝ ሰው ነው። ወልደጻድቅ በብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ሲደርስ ወጣቱ ቆሮሶ ዓሣ እየዘረጠጠ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዘበኛ ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

«አባን ፈታችኋቸው?» ሲል ጠየቀ፤ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«አልፈታናቸውም። አንተ ጠፍተሃል ብለውኝ መጣሁ።»

«መጥፋት እንዲህ ከሆነ» አለ ቢኒያም በክንዱ ገበያውን እያሳየ «ግማሹ ሐዋሳ እዚህ ጠፍቶ ታገኘዋለህ። ይቅርታ፣ ያገኙታል።»

ወልደጻድቅ ጥቅልሉን ፈታና ሐሰተኛውን መስቀል እንዲያነሳው አዘዘው። ወጣቱ ወደ ኋላ አለ። ሐሰተኛም ቢሆን የመስቀል ቅርጽ ነውና በዓሣ እጅ አይዘውም። ሐይቁ ድረስ ወርዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ተመለሰ። መስቀሉን ከፍ አድርጎ ያዘና ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ይኸው ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ክብደቱ። በፍልሰታ የያዝኩት ይኸው ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገረውን ኢንስፔክተሩ አላቋረጠውም። ለወትሮው ዘንጉን የሚይዙት ገበዙ ብቻ ስለሆኑ ቢኒያም ከዚያ ዕለት በፊት መስቀሉን ተሸክሞ አያውቅም። እጅግ ከባድ ነው ብለው አስፈራርተውት ነበር። ስለዚህ በሱባኤው ሁሉ ክንዱ እንዳይዝል እመቤታችንን ሲለምን ሰነበተ። በበዓሉ ዕለት ሲያነሳው እንደ ላባ ቀለለው፤ ጸሎቱ እንደ ተሰማ አመነ። መጎናጸፊያው ስለ ተንጠለጠለበት ገልጦ አላየውም። ለገበዙም ለማንም አልተናገረም።

«ለምን አልተናገርክም?»

«ተአምር ተደረገልኝ ብሎ የሚያወራ ሰው ምን ይባላል? ውዳሴ ከንቱ እንዳይሆንብኝ ደበቅኩት።» ሐሰተኛውን መስቀል መለሰለት። «ናስ ሆኖ ነው ለካ የቀለለኝ።»

ወልደጻድቅ ጥቅልሉን እያሠረ ለረዥም ጊዜ ወደ ውኃው ተመለከተ። ሕዝቡ በፍልሰታ መስቀሉን አይቷል፤ የጨበጠው ግን አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ቅለቱን ለሰማይ ሰጥቶት ዝም ብሏል። እንግዲህ ስርቆቱ የተፈጸመው ከፍልሰታ በፊት ነው። በዚያ በዓል ዕለት ባሕር ማዶ መሆን ማንንም ነጻ አያወጣም።

ኮማንደሩ ይህንን ሲሰማ የተረዳው በሌላ መንገድ ነበር። ቁልፉ በዲያቆኑም እጅ ገብቶ ከነበረ ሁለቱ ተባብረዋል፤ ዲያቆኑም ይታሰር አለ። ወልደጻድቅ የማሠሪያ ትዕዛዙን አልጽፍም አለ። ከዚህ ንግግር በኋላ በአንድ ጣቢያ ውስጥ እየተላለፉ ሰላምታ መለዋወጥ ተዉ።

*

ከዋሲሁን ጋር ከተጓዙት ሁለት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ በኮሌጅ የሚያስተምሩ፣ ከፍ ያለ ድምፅና የቀና አንገት ያላቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው በመሃል ከተማ ነው። በዕድሜ ታናሻቸው የሆነችውን የጉዞ ጓደኛቸውን ሃሴትን ጠርተዋት ስለነበረ ኢንስፔክተሩ ሁለቱንም አንድ ላይ አገኛቸው። አመጣጡ የዋሲሁንን ጉዞ ለማረጋገጥ ብቻ መሆኑን ነገራቸውና አልበሙን ከጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ጨዋታው ያለ ችግር መጣ። የብሩዥ ጉብኝታቸው በፍልሰታ ጾም ላይ መዋሉ ዋና መከራቸው ነበር።

«ጎዳናው ሁሉ ቸኮሌት ይሸታል» አለች ሃሴት። «እኛ እንደ ድሃ ዘመድ የሱቅ መስኮት እናያለን። ድንች ጥብስ ልብላ ስል ደግሞ እትዬ ብርሃነሽ በበሬ ሞራ ነው የሚጠበሰው ብለው ከእጄ አስጣሉኝ።»

«ጠይቄ ነዋ። ጾምሽን በሞራ ልትገድፊ?»

«ከእኔ ሌላ ቤልጅግ ሄዶ ክብደት የቀነሰ ሰው የለም፣ ኢንስፔክተር።»

ወልደጻድቅ የጀልባውን ፎቶ ገልጦ፣ አቶ ዋሲሁን ጥሩ ፎቶ አንሺ ናቸው አለ። ሃሴት ሳቀች።

«እሱ? ጀልባዋን በዓይኑም አላያት። ይቺን ያነሳን አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነው፤ የእትዬን ነጠላ ወዶት ሲከተለን የነበረ።»

«ታዲያ አቶ ዋሲሁን የት ነበሩ?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ብርሃነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሰው ገመና ማውጣት አልወድም አሉ። ኢንስፔክተሩ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ተገልጠው በእስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው እንዳሉ አስታወሳቸው። ይህንን ሲሰሙ ብርሃነሽ ተናገሩ።

ከሐዋሳ ሊነሱ ሲሉ ዋሲሁን በአቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት ይዞ ቤታቸው መጣ። እናቱ ለእኅቱ ልጅ የላኩት በሶ ነው፤ ልጅቱ ቤልጅግ ትኖራለች፤ የእርሱ ሻንጣ ሞልቷልና ይያዙልኝ አለ። ተቀበሉት። ብሩዥ እንደ ደረሱ ከረጢቱን ወስዶ ቅዳሜውን በሙሉ ተለያቸው። ማታ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ልጅቱ በሶውን አቅፋ አለቀሰች አላቸው።

«ከረጢቱን ከፍተውት ነበር?»

ብርሃነሽ የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «የሰው አደራ እከፍታለሁ እንዴ?»

«ከበድ አላለዎትም? አየር ማረፊያስ አልተፈተሸም?»

«ማሽኑ ብረት አለ ብሎ ነበር። ለአስተናጋጆቻችን በስጦታ የያዝኩት የናስ ጌጥ ሻንጣዬ ውስጥ ስለነበረ አልገረመኝም። ፈታሿም የላይ የላዩን አይታ አሳለፈችኝ።»

«ከዚያስ?»

የቀረውን የጨረሰችው ሃሴት ናት። እሑድ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ፣ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ በምትገፋው የቆሻሻ ጋሪ ላይ ያ የአቡጀዲ ከረጢት ተጥሎ አዩት። ስፌቱ ተቀዷል፤ በሶው ግን አለ።

«ልጅቱ አልመጣችለትም ብለን አሰብን» አሉ ብርሃነሽ። «አፍሮ ዋሸን፤ ንዴቱን በበሶው ላይ ተወጣ አልን። እኛም ለእርሱ አፈርንለትና ዝም አልን። እህል ግን አይጣልም፤ ከጋሪው ላይ አነሳሁት።»

«አንስተውስ?»

«ጨበጥነውና በላነዋ» አለች ሃሴት። «በመታጠቢያ ቤት ውኃ። ከዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ግን ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸት ነበር፤ ዕጣን ዕጣን። 'እትዬ፣ ይሄ በሶ ሳይቆርብ አልቀረም' ብያቸው ሲቆጡኝ ዋሉ።»

ወልደጻድቅ ወደ አፉ ያስጠጋውን የሻይ ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ።

«እኔን ደግሞ ጥርሴን ሊሰብረኝ ነበር» ስትል ቀጠለች። «ይቺ ውስጡ ነበረች። የእናቱ የማተብ ቀለበት ወድቃበት መሰለኝ። እንዳልመልስለት የጣልከውን በሶ በላንልህ ልለው ነው? የብሩዥ መታሰቢያዬ አደረግኳት።»

የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ከጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከቁልፉ ጋር የተንጠለጠለች፣ በአንድ በኩል የተሰበረች ትንሽ የብር ቀለበት ነበረች። ከስብራቱ አጠገብ የደበዘዘ ቀይ የሐር ክር ተጠምጥሟል።

ኢንስፔክተሩ ቀለበቷ ከምን እንደ ተሰበረች ሲነግራቸው ሃሴት እጇን በአፏ ላይ ጫነች።  ብርሃነሽ ግን ተነሥተው ቆሙ።

«እንግዲያው ያሻገርኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አደራ ነው የተሸከሙት።»

«ስሜን ይጻፉት። የተሸከምኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ያስያዘኝም ማን እንደሆነ በተጠራሁበት ሁሉ እናገራለሁ።»

ሰውየው ብዙ ወዳጅ እንዳለው፣ በሥራቸውም ችግር ሊያመጣባቸው እንደሚችል ወልደጻድቅ ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ያምጣዋ» አሉ ብርሃነሽ። «እኔን በቅሎ አድርጎ በጫነኝ ሰው ፊት አንገቴን አልደፋም።»

*

ወልደጻድቅ በቀጥታ ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄደ። ቄሰ ገበዙ ስም እንደማይጠሩ ስለሚያውቅ ስሙን ራሱ እንደሚጠራ፣ እሳቸው አዎን ወይም አይደለም ብቻ እንዲሉት ጠየቃቸው።

«አቶ ዋሲሁን ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት የዕቃ ቤቱን ንብረት ሊቆጥር ገብቶ ነበር?»

«አዎን።»

«ለብቻው ቀርቶ ነበር?»

«ለፍትሐት ተጠራሁ። የማለ ጸሐፊ ነው፤ ውጣ ልለው ነበር? ስመለስ ዕቃው ሁሉ እንደ ተጠቀለለ ነበር። የተጠቀለለ ንዋየ ቅድሳት ያለ በዓሉ አይፈታም፤ አልፈታሁትም።»

ኢንስፔክተሩ መዳፉን ዘረጋ። ገበዙ ቀለበቷን አንስተው ወደ ብርሃኑ አስጠጓት፤ ክሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም ሳሟት።

«ቋጠሮው የእኔ ነው» አሉ።

*

ኮማንደር ሰለሞን በኮሪደሩ አስቆመው። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል፤ ስልክም ተደውሎለታል። አቶ ዋሲሁን በቀላሉ የሚነካ ሰው እንዳልሆነ፣ ቀለበት በየሱቁ እንደሚሸጥ፣ የበሶ ወሬም ማስረጃ እንደማይባል ዘረዘረ። በመጨረሻም ሰውየውን እንዳትጠራው ብዬ አዝዤሃለሁ አለ።

«ትዕዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» አለ ወልደጻድቅ። «ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው። ከመዝገቡ ጋር አያይዘዋለሁ።»

ኮማንደሩ ወደ ቢሮው በር ዞረ።

«በቃል ብቻ ከሆነ ግን እኔ አልሰማሁም።»

ዋሲሁን በቢሮው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን አሳርፎ ተቀበለው። ወልደጻድቅ አልበሙን መለሰለት፤ አመሰገነውም። ከዚያ ስለ እኅቱ ልጅ ጠየቀው። ዋሲሁን፣ አዎን፣ ብሩዥ መጥታ በሶዋን ተቀብላለች አለ።

«ደስ አላት?»

«አቅፋው አለቀሰች።»

«በሶውን የበሉት ወይዘሮ ብርሃነሽና ሃሴት ናቸው። ከቆሻሻ ጋሪ ላይ አንስተው። ይህችም ከውስጡ ወጣች።»

ቀለበቷ በጠረጴዛው መስተዋት ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ድምፅ ሰጠች። ዋሲሁን አያት፤ ፊቱም ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ኢንስፔክተሩ የዲያቆኑን ቃል፣ የገበዙን ቋጠሮ፣ የሁለቱን ሴቶች ምስክርነት በተራ ነገረው። በፍልሰታ የወጣው መስቀል ሐሰተኛ ስለነበረ ጉዞው እንደማያድነው፣ እንዲያውም መስቀሉ የተሻገረው በዚያው ጉዞ እንደሆነ አስረዳው።

«ላንተ፣ ማለቴ ለእርስዎ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ዋሲሁን በመጨረሻ፤ ድምፁ የለመደውን ቅልጥፍና አጥቶ ነበር። «ያንን ሱቅ ቢያዩት። ቬልቬት ላይ አስቀመጡት። ነጭ ጓንት አድርገው ነው የነኩት። እዚህ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ነበር። አከበርኩት እንጂ አልሰረቅኩትም።»

«አክብረውት ከሆነ ለምን በበሶ ቀበሩት?»

ዋሲሁን አልበሙን ወደ ራሱ ሳበ።

«ያ መስቀል የተሠራው በጓንት ሊነካ አይደለም» አለ ወልደጻድቅ። «ላብ ባለው እጅ ሊያዝ፣ በፀሐይ ሊወጣ፣ ሕዝብ ሊከተለው ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ የሚጠገነው ጣሪያው ነው። ይነሡ፤ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።»

ዋሲሁን በዚያው ዕለት ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። ሐሰተኛውን መስቀል በሌላ ከተማ ማሠራቱን፣ በቆጠራው ዕለት ከእውነተኛው ጋር መለዋወጡን፣ ብሩዥ ለሚገኝ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እንደሸጠው፣ በአየር ማረፊያ ፍተሻ በራሱ ሻንጣ እንዳይያዝበት ሲል ለብርሃነሽ እንዳስያዘ ተናገረ። መስቀሉ እንዲመለስ ለቤልጅግ ፖሊስ በደንቡ መሠረት ተጻፈ።

*

ሰኞ ጠዋት ኮማንደሩ ወልደጻድቅን አስጠርቶ ሁለት ነገር ነገረው። አንደኛው፣ ሽማግሌው ወሬ ሳይበዛ በኋላው በር በመኪና ወደ ቤታቸው እንዲሸኙ ነው። ሁለተኛው፣ ከሰዓት በኋላ የዝውውር ደብዳቤው እንደሚደርሰውና ቦታውም ሩቅ መሆኑን ነው።

«ከሰዓት በኋላ ነው ያሉኝ?» አለ ወልደጻድቅ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ጠዋቱ የእኔ ነው።»

መኪናው ሞተሩ ተነሥቶ ከጓሮ ቆሞ ነበር። ቄሰ ገበዙ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በየት ነው ያስገባችሁኝ?»

«በዋናው በር፣ አባ።»

«በምን?»

«በእግርዎ። በፒያሳ በኩል።»

«በዚያው መልሱኝ።»

ዘበኛው ጥምጣሙን በፌስታል ይዞ መጣ። ገበዙ ከውስጥ አልተቀበሉትም። በዋናው በር ወጥተው፣ መንገደኛው በሚያልፍበት፣ ባለ ሱቆቹ በራቸውን በሚከፍቱበት የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሙ። ኢንስፔክተር ወልደጻድቅ የመንግሥት ቆቡን አስተካክሎ ፌስታሉን ከዘበኛው ተቀበለ፤ ነጩን ጨርቅ አውጥቶ ጫፉን በሁለት እጁ ያዘላቸው። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ፣ ዙር በዙር፣ ጠመጠሙት። አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ከኋላው ሌላውም ቆመ። ጥላ የያዙ ሁለት ሴቶች ተሻግረው መጥተው ከገበዙ ኪስ የወጣውን የእጅ መስቀል ተሳለሙ።

ጉዞ ሲጀምሩ ወልደጻድቅ ከልማዱ የተነሣ በፖሊስ እርምጃ ፈጠነ። ገበዙ ክንዱን ያዙት።

«ቀስ በል፣ ልጄ። ሲወስዱኝ ፈጥነው ነበር፤ ያላየኝ ሰው ይኖራል።»

ፒያሳ እስኪያልቅ ድረስ ቀስ ብለው ሄዱ።